ዘጠኝ ዓመት ያልተላከ ደብዳቤ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ጥገና ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው አንድ ቀን እንኳ በሊፍት ወደ ሥራው ወጥቶ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እውነት ነው እንግዲህ። ድርጅቱ የከተማውን ሊፍት ሲጠግን ይውላል፤ የራሱ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግን ከደረጃ በቀር ምንም የለው። ሰው በሳቀባቸው ቁጥር መስራቹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የሌለ ነገር አይበላሽም» ይሉ ነበር።

ያንን ደረጃ ከማንም በላይ የሚያውቀው ፖስተኛው ነው። ሲቀጠር ሥራው ደብዳቤ ማመላለስ ነበር፤ ብብቱ ሥር ፋይል ሸጉጦ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ኢሜይል የሚባል ነገር ሲመጣ «ይሄ ሰውዬ አበቃለት» ብለው ያዘኑለት ነበሩ። እሱ ግን ምን ቆርጦት! ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርስ እየተማረ ቆይቶ፣ ኢሜይሉን ራሱን የሚያስተዳድረው ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ሥራው ተቀየረ፣ ቅጽል ስሙ አልተቀየረም። ዛሬም ቢሆን የመቶ ሃያ ሰው ደብዳቤ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ሰርቨሯ ያለችው ምድር ቤት፣ ከመለዋወጫ መጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሁሉም ሰው ደብዳቤና የሁሉም ሰው ቀጠሮ የሚቀመጠው እዚያች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ነው። ፖስተኛው ጠዋት ገብቶ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ ይጠርግላታል፤ ማራገቢያዋ ሲያጉረመርም ምን እንደጎደላት ድምፁን ሰምቶ ያውቃል። በሩ ላይ በእጁ የጻፋት ወረቀት ተለጥፋለች፦ «ከቆመች፣ አንደኛ፦ ቀዩን ቁልፍ እስክትጠፋ ተጭነው ይያዙ። ሁለተኛ፦ መልሰው ያብሯት። ሦስተኛ፦ ይደውሉልኝ።» ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች።

አንድ ሕግ አለው ይህ ሰው። ፖስተኛ ደብዳቤ ያደርሳል እንጂ አይከፍትም። ቢፈልግ የማንንም ደብዳቤ የሚያይበት ቁልፍ በእጁ ነው፤ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። በሌላ ነገር ሁሉ ቀልደኛ ነው፣ በዚህ ግን ፊቱ አይፈታም።

ሥራ አስኪያጇ የመስራቹ ልጅ ናት። ሕፃን ሆና ደረጃው ላይ ስትሯሯጥ የጫማዋን ክር ያሰረላት እሱ ነው፤ ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፣ ሰው ከሌለ «አንቺ»። አንድ ሰኞ አስጠራችውና በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ የሰርቨሯ ሶፍትዌር ዘመን አልቋል። ዓመቱ ሲያበቃ አምራቾቹ እጃቸውን ያነሳሉ። ወይ የዚሁኑ ሶፍትዌር አዲስ እትም ገዝተን እዚሁ ምድር ቤት እንቀጥላለን፣ ወይ ተፎካካሪው ጋ እንሄዳለን። እነሱ ጋ ከሄድን ሰርቨሩ የሚቀመጠው እነሱ ዘንድ ነው፤ እኛ በኢንተርኔት እንጠቀማለን። ሁለቱን ያወዳድሩና ይጻፉልኝ። የጻፉትን እፈርማለሁ።»

«እኔስ?» አላት።

«እርስዎማ የት ይሄዳሉ? ሰርቨሩ የትም ይቀመጥ፣ ከሰው ጋር የሚያግባቡት እርስዎ ነዎት።»

ሥራው ካልተነካ ምን አስጨነቀው ይባል ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሚስቱ ታማ ሰባት ወር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ጠዋት ቢሮ ብቅ ይልና ቀኑን አልጋዋ አጠገብ ይውላል። ሰርቨሯ ያኔም ቢሆን አመለኛ ነበረች፤ በወር ሁለት ሦስቴ ትቆማለች፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ሮጦ ይመጣል። በዚያ ሰባት ወር ግን ስልኩ አንድ ቀን አልጮኸም። ጠዋት ገብቶ የቢሮውን ሰዎች ስለ ሰርቨሯ «እንዴት ናት?» ሲላቸው «ምን ትሆናለች» ይሉታል። ሚስቱ ድና ቅዳሜ ቤቷ ገባች። ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ሰርቨሯ ቆማለች። እሱም «ስትችል ቆይታ አሁን ደከማት» አለና አንጀቱን በላችው። የሥራ መዝገቧን ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፤ ግን የሚወዱትን ማን ይመረምራል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ለሱ ዕቃ አይደለችም፣ ባለውለታው ናት።

አሁን ፍረድ የተባለው እንግዲህ በዚህች ላይ ነው። እውነቱን ቢጽፍ ውለታ በላ መሆኑ ነው፤ ውለታዋን ቢከፍል ደግሞ ውሸታም።

ሻጮቹ ተራ በተራ መጡ፤ ሁለቱም ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሁለቱም የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ የያዙ። በነባሩ ሻጭ ሠንጠረዥ ላይ ነባሩ ከላይ እስከ ታች ራይት፣ ተፎካካሪው ከላይ እስከ ታች ኤክስ ነው። በሌላኛው ላይ ግልባጩ። ፖስተኛው ጎን ለጎን አድርጎ አያቸውና «ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ» ብሎ ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ደረጃ ወጣ።

ሁለቱንም ሶፍትዌር በሁለት ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ ጫነ። የቤቱን «ነባሯ»፣ የመጣችውን «ሙሽሪት» ብሎ ሰየማቸው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «በጣውንት ላይ ሙሽሪት ልታመጣብኝ ነው?» ብላ ሳቀች። በየፎቁ ግማሽ ግማሽ ቀን ከሠራተኛው ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ አንድ ዓይነት ሥራ በሁለቱም እያሠራ፣ በእርሳስ ነጥብ እየሰጠ።

ነባሯ የምትመሰገንበት አልጠፋም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መቼም በሳምንት ሁለቴ መቋረጡ አይቀርም፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ ደብዳቤ ማድረሷን አታቆምም፤ ሙሽሪት ያኔ አፏን ትዘጋለች። ይህን ሲጽፍ እጁ ደስ ብሎት ነው የጻፈው። ሌላው ግን ምን ይደረግ። ቴክኒሻኖቹ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሆነው፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ በስልካቸው ሪፖርት ይጽፋሉ። ነባሯ የጻፉትን ውሃ ታስበላዋለች፤ ሙሽሪት ግን ይዛ ትቆይና ሰውየው ከጉድጓዱ ሲወጣ ትልክለታለች። ሁለተኛ ፎቅ ሥራ የሚያከፋፍሉት ሁለት ሴቶች አንዱን ቴክኒሻን በአንድ ሰዓት ሁለት ሕንፃ ሲልኩት ነባሯ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። በዚያው ሳምንት ሆነ ደግሞ፤ ሰውየው «ወገቤ ላይ ቆርጣችሁ ከፋፍላችሁ ላኩኝ» ብሎ ደወለ። ሙሽሪት ገና ሲጽፉት «ይህ ሰው ተይዟል» ትላለች። የቆየ ደብዳቤ ፈልጊ ሲሏትማ ነባሯ እስክታገኘው ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።

አንድ ነገር ደግሞ እንግዳ መቀበያው ጋ ገጠመው። እዚህ ላይ የዚህን ቤት አንድ ዓመል መናገር ያስፈልጋል። ድርጅቱ «መረጃ» የሚባል የጋራ የኢሜይል አድራሻ አለው፤ ሁሉም ይገባበታል። ድሮ የነበሩት ጸሐፊ ቆጣ ያሉ ሴት ነበሩ፤ «እኔ ሳላየው ከዚህ አድራሻ አንዲት ፊደል እንዳትወጣ» ብለው ስላዘዙ፣ ሰው ሁሉ ረቂቅ ጽፎ ማስቀመጥ ለመደ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ አንድ ረቂቅ እዚያው ቀረ። ርዕሱ «አይላክ» ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አራቱም ፎቆች እዚያች አንዲት ያልተላከች ደብዳቤ ላይ ይጻጻፋሉ፤ ማን የት እንደሄደ፣ የትኛው ሞተር እንደጠፋ፣ ማን እንደወለደ። ሁለት ሰው አንዴ ከከፈታት አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ፣ ሊጽፍ የፈለገ ደረጃው ላይ ብቅ ብሎ «አይላክን ይዣለሁ» ብሎ ይጮሃል፤ ሲጨርስ «ለቅቄያለሁ» ይላል። ፖስተኛው ጩኸቱን ዘጠኝ ዓመት ሰምቶታል። ደብዳቤዋን ግን ሕጉ ነውና ከፍቷት አያውቅም።

ሙሽሪት ላይ አሥር ሰው አንድ ጽሑፍ ላይ እኩል መጻፍ ይችላል፤ ማንም የማንንም አያጠፋም። ይህን ሲያሳያት እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኗን አጠበበች። ከሱ ጋር አንድ ዘመን የገባች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ታዲያ መጮህ ቀረ በለኛ» አለች።

«ቀረ።»

«እንግዲያው እኔ በሕይወት መኖሬን በምን ያውቃሉ?»

በሦስተኛው ሳምንት ነጥቡን ደመረ። ሙሽሪት ሰባ አንድ፣ ነባሯ ሃምሳ ስምንት። ብዙ ተቀምጦ አየው። ከዚያ ከሠንጠረዡ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረ፦ «በክፉ ቀን መጽናት። ነባሯ ሠላሳ። ሙሽሪት ዜሮ፤ አልተፈተነችም።» ሲደመር ነባሯ ሰማንያ ስምንት ሆና አለፈች።

ወረቀቱን ቤት ወስዶ ለሚስቱ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች እንደ ፈተና ወረቀት አነበበችው፤ ጣቷ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ።

«ይቺ በኋላ የገባች ናት» አለችው።

«እሷ እኮ አንቺ በታመምሽ ጊዜ…»

«አውቃለሁ፣ ስንቴ ነግረኸኛል። ስማኝ፣ ሠላሳ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ። የምወደው ተማሪ ሊወድቅ ሲል ሆዴ ይባባል፤ ጥያቄ ግን ጨምሬለት አላውቅም። እኔን ምስክር አድርገህ አትዋሽ።»

መስመሩን ግን አላጠፋውም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ትክክል የሆነውን ማወቅ አንድ ነገር፣ እጅን ማዘዝ ሌላ።

ከማስረከቡ በፊት የቀረው አንድ ሙከራ ነበር፤ ነባሩ ደብዳቤ ወደ ሙሽሪት ያለ ጉድለት መሻገሩን ማየት። «መረጃ» የሚባለውን አድራሻ ግልባጩን አሻገረና ሕንፃው ሁሉ ለሁለት ቀን በዚያ እንዲሠራ ነገረ። በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእንግዳ ተቀባይዋ ድምፅ ደረጃውን ሞላው፦ «አይላክ የለችም!»

እውነትም የለችም። ሙሽሪት ከዚህ በላይ አልሸከምም የምትለው የክብደት ልክ አላት፤ አንዲት ደብዳቤ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከነፎቶግራፉ ስትጠራቀምባት ምን ታድርግ፣ ደጅ ላይ ትታት ገባች። ፖስተኛው ሲያየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ አለው። ነባሯ ላይ ደብዳቤዋ አለች፣ ምንም አልሆነችም።

«በየዓመቱ ቆርጬ በዘጠኝ ከፍዬ ላስገባት እችላለሁ» አላቸው። «ለመቁረጥ ግን መክፈት አለብኝ። ከፈቀዳችሁ።»

እንግዳ ተቀባይዋ መጋዘን ጠባቂውን አየችው። መጋዘን ጠባቂው ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ጣሪያውን አየ።

«አይ፣ እኛው እንቆርጣታለን» አለች ቶሎ ብላ።

ፖስተኛው እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ከሱ ምን ይደብቃል? ክፍሉ ገብቶ ሰርቨሯ አጠገብ ተቀመጠና ክፉ ክፉውን ያስብ ጀመር። አልከፍትም እያለ የኮራባት ደብዳቤ የራሱ ሐሜት ብትሆንስ? እሱ በዘገየ ቁጥር፣ ሰርቨሯ በቆመች ቁጥር ሲሰድቡት ኖረው ቢሆንስ? ምሳውንም አልበላም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ከነኀፍረታቸው በሩ ላይ ቆሙ። መጋዘን ጠባቂው እቆርጣለሁ ብሎ የአራት ዓመት ጽሑፍ አጥፍቷል።

«ግልባጭ አለኝ» አላቸው ፖስተኛው፣ ቀና ሳይል። «ግን ሁለተኛ እንዳትነኳት።»

እንግዳ ተቀባይዋ ተነፈሰች። «በቃ፣ አንተ ቁረጣት። ዓይንህን ጨፍነህ አትቆርጥ፤ ክፈታት። ሦስተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ ብቻ እኛን አትቆጣን» አለችውና ወንበር ስባ ጎኑ ተቀመጠች።

ከፈታት። አንደኛውን ዓመት ቆረጠ፣ ሁለተኛውን ቆረጠ። ሦስተኛው ዓመት መሐል ላይ የራሱን ቅጽል ስም አየ፤ እጁ ቆመ።

«ሐሙስ። ፖስተኛው ሚስቱን ሆስፒታል አስገብቷል። ሰርቨሯ ብትቆም ማንም እንዳይደውልለት። ጥበቃ ክፍል የበሩ ትርፍ ቁልፍ አለ፤ ምን እንደሚደረግ በሩ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛውን ተዉት። — እንግዳ ተቀባይ»

«ማክሰኞ። ቆማ ነበር። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፣ መልሼ አበራሁ፣ ተነሳች። ለፖስተኛው አይነገር። — መጋዘን»

«ዓርብ። ዛሬ ሁለቴ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አትነጫነጩ። አይነገር።»

«ሰኞ። ገብቶ እንዴት ናት አለኝ። ምን ትሆናለች አልኩት። ሁላችሁም እንደዚሁ በሉ፣ ቃላችሁ እንዳይለያይ።»

«ረቡዕ። ግማሽ ቀን አልነሳ ብላ ዋለች። ትእዛዙን ሁሉ በወረቀት ጽፈን በእግር አመላለስን። ይሄ ሰውዬ ይህን ሥራ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው? ጉልበቴ አለቀ። አይነገር። — ሽያጭ»

እንዲህ እያለ ይወርዳል። ፖስተኛው እየቆጠረ ወረደ፤ ዓመል ነው። በሰባት ወር ውስጥ ሰርቨሯ ሃያ ሦስት ጊዜ ቆማለች። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ቅዳሜ። የፖስተኛው ሚስት ድና ወጣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሰኞ ጀምሮ መደወል ይቻላል።»

ፖስተኛው ወደ ሰርቨሯ ዞሮ አያት። ማራገቢያዋ ያጉረመርማል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ሲጠርግ፣ ሲያመሰግናት፣ ሰሞኑን ደግሞ ሠላሳ ነጥብ ሲሰጣት። ሳቁ መጣበት፤ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረና ዓይኑን በአቧራ መጥረጊያዋ ጨርቅ ጠረገ።

«ተቆጣህ?» አለው መጋዘን ጠባቂው።

«ሃያ ሦስት ጊዜ?»

«ሃያ አራት ነው። አንዷን ሳልጽፋት ቀርቻለሁ።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንደ ልማዷ «ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» አለችው። ቁጭ አድርጎ ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ መነጽሯን አወለቀች፣ ብዙ ጊዜም መልሳ አላደረገችውም።

«እንግዲያው አንዲት ጣውንት አይደለም የነበረችብኝ» አለች በመጨረሻ። «መቶ ሃያ ናቸው።»

በማግስቱ የጨመራትን መስመር ከሠንጠረዡ ላይ ሰረዘና ሪፖርቱን አስረከበ። ሰባ አንድ ለሃምሳ ስምንት፤ ሙሽሪት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚጠቅም ሁለተኛ መስመር ይግባልን የሚል ማሳሰቢያ አከለበት፤ የነባሯን ደግ ሥራ ማስታወሱም ነው። ሥራ አስኪያጇ ፈርማ ስታበቃ ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈ የተሰረዘ ነገር አየች።

«‹በክፉ ቀን መጽናት› ይላል። ለምን ሰረዙት?»

«ሶፍትዌር የሚመዘንበት አይደለም፣ ልጄ» አላት። ሰው አልነበረም ቢሮው ውስጥ።

ሙሽሪት ገባች። ምድር ቤት ያለችው ክፍል ለመጋዘኑ ተሰጠችና የሊፍት በር ሞተር ይደረደርባት ጀመር። «አይላክ» በዘጠኝ ተቆርጣ ተሻግራለች፤ አሥረኛው ዓመት ባዶ ገጽ ሆኖ ተከፍቷል፣ አሁን ማንም በፈለገው ጊዜ ይጽፍበታል። ቢሆንም እንግዳ ተቀባይዋ አሁንም ደረጃው ላይ ወጥታ «ይዣለሁ» ማለቷን አልተወችም፤ ሌላውም እንደዚያው። ይቅር ብሎ የከለከላቸው የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ፖስተኛው ከጠረጴዛው ተነሣና ደረጃው መሐል ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይላክን ይዣለሁ!»

ከላይ አንድ በር ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት የማንንም ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረው ሰው ተመልሶ ተቀመጠና የራሱን ጻፈ፦

«ዓርብ። ፖስተኛው ነኝ። ደብዳቤያችሁ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ደርሶኛል። ሚስቴም ሰላም ብላችኋለች።»

ገና «ለቅቄያለሁ» ሳይል፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ከጽሑፉ ሥር ሌላ ፊደል አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። መጋዘን ጠባቂው በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፤ ሁሉም በየፎቁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ጠበቀው።

«አይነገር ተብሎ አልነበረም እንዴ? ማን ነው የነገረው?»